ባል የጠፋበት ቤት

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ከበና ቋንቋ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ በና። ጂንካ ውስጥ ያልቆምኩበት ችሎት፣ ያልገባሁበት ቢሮ የለም ማለት ይቻላል። ጓደኞቼ «ሁለት ምላስ ያለው» እያሉ ያበሽቁኛል፤ እንጀራዬ ስለሆነ ስቄ አልፋለሁ። ክትባት ቢሉኝ፣ ይግባኝ ቢሉኝ፣ ኢንሹራንስ ቢሉኝ ዙሪያውን ዞሬም ቢሆን ለአንድ የበና ሽማግሌ አስረዳለሁ። በዚህም ትንሽ እኩራራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን አንድ አባት ግቢ መሃል ቆሞ «ይህ የምን ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀኝና ሁለቱም ምላሶቼ ተሳሰሩ። የዚያን ቀን ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም፤ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ጊዜው ሞባይል ስልክ ጂንካ የገባበት ሰሞን ነው። ወጣት ነበርኩ፤ አላገባሁም። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ፣ ውትድርናውን ትቶ ካኮ ገበያ ላይ ጨውና ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። እኔም ካኮ ከበና ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ስላደግኩ ቋንቋውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከእናቴ አማርኛ እኩል ነው አፌን የፈታሁበት። ጂንካ ስመጣ ይህ ችሎታ ደሞዝ ሆነ።

አሁን ስለ ቤቱ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ በታች፣ የቆርቆሮ አጥር ያለው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ የቆመበት ቤት ነበር። ፊት ለፊት መጠጥ ይሸጣል፤ ከኋላ በተርታ ትናንሽ ክፍሎች አሉ። ለእንደዚህ ያለ ቤት በአማርኛ ስም ሞልቷል። ጨዋ መስሎ መታየት የሚፈልግ ቡና ቤት ይለዋል። ሪፖርት ጸሐፊው ሴተኛ አዳሪ ቤት ይለዋል። ሰካራሙ የሚለውን እዚህ አልደግመውም። የጂንካ ወንድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አምልጦ «እትዬ አስካለ ጋ» ይላል፤ ሰሚው ፈገግ ይልና ያልፋል።

ያን ቅዳሜ ጧት ገበያው ዳር ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ስል ላሎ ነው። የካኮ ጎረቤታችን፣ ለአባቴ ማርና ቅቤ የሚሸጥለት፣ ልጅ ሳለሁ ከወንዝ ጎትቶ ያወጣኝ ሰው። በእጁ በርኮታውን፣ ያችን የሚቀመጡባትም የሚንተራሱባትም ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ አንጠልጥሏል።

«የገብሬ ልጅ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አባቴ። ከብቱስ? ቤተሰቡስ?»

«ከብቱ ደህና ነው። የሳጎ እናት ግን ታማለች። ምግብ ትታለች፤ ውሃም እምብዛም አይወርድላት። ከአፏ የሚወጣው የሳጎ ስም ብቻ ነው። ልጄን ልወስዳት መጣሁ።»

እሱ ቀጠለ፤ «ገበያ የሚመላለሱ ሰዎች አስካለ የምትባል ሴት ቤት አየናት ብለውኛል። እኔ የእናንተን አፍ አላውቅ። አንተ ከባለቤቶቹ ጋር አነጋግረኝ።»

ሳጎ እዚያ ቤት እንዳለች አውቅ ነበር። ካኮ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ድንኳን የጣለ ጊዜ፣ አንድ የማሽን ኦፕሬተር አገባሻለሁ ብሎ ጂንካ አመጣት፤ እትዬ አስካለ ጋ ክፍል ያዘላት፤ «ደሞዝ ተቀብዬ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ያው እንደወጣ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ «ካኮ ለማንም አትንገር» ብላ ለምናኝ ነበር፤ ቃሌን ጠብቄአለሁ።

ሜዳውን አቋርጠን ስንሄድ ላሎ ያወራል። «ባል አግብታ ይሆናል» ይላል። «ካገባች ደግሞ ዘመዶቹ ለምን አልመጡም? የከተማ ሰው አያውቅም መሰለኝ። አልቆጣቸውም፤ ባሏ ይስጠኝና እናቷን አይታ ትመለስ።» በእሱ ዓለም ሴት ልጅ በሰው ቤት የምትኖረው ወይ ሚስት ሆና ነው ወይ ዘመድ ሆና። ሌላ ነገር መኖሩን አልሰማም፤ ለዚያ ነገርም ቋንቋው ውስጥ ቃል የለም። እኔ አብሬው እየተራመድኩ የሌለውን ቃል እፈልጋለሁ።

ስንደርስ ግቢው ገና መጠረጉ ነው። ማርታ የምትባለው የወላይታ ልጅ ባዶ ጠርሙስ በሳጥን ትደረድራለች። እትዬ አስካለ ራሷን በሻሽ አስራ ከጓዳ ወጣች።

«ምነው ግርማ፣ በጧቱ? ማናቸው እኚህ ሰውዬ?»

«የሳራ አባት ናቸው» አልኳት። ሳጎን እዚያ ቤት ሳራ ነበር የሚሏት።

እትዬ አስካለ መጥረጊያውን ከማርታ እግር ስር አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሌላ የምታደርገው ጠፋት መሰለኝ። ላሎ በርኮታውን አቮካዶው ስር አስቀመጠ፤ አልተቀመጠም ግን። በተርታ የቆሙትን በሮች ባለበት ሆኖ አያቸው።

«የገብሬ ልጅ፣ ይህ የምን ቤት ነው? በሩ በዛ።»

ያኔ ነው አፌ የተሳሰረው። «የ...እንግዳ ቤት ነው» ልል ስል፣ ማርታ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ሳራ ትጠራሃለች፤ ቶሎ በል።»

ከመጨረሻዋ በር ውስጥ ሳጎ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የአባቷን ድምፅ ሰምታለች። በሁለታችንም ቋንቋ፣ በበና ላናግራት ስል አፌን በእጇ ከደነችው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ አባቷ ይሰማል። ስለዚህ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ተንሾካሾከች።

«ግርማ፣ ባል አለ በል።»

«ሳጎ፣ እናትሽ በጣም ታማለች።»

«ሰማሁ። እኔ እሄዳለሁ። ግን እንዲህ ሆኖ አልሄድም። እናቴ ስትጠይቅ አባቴ ምን ይላል? ባል አለ በል፣ ከዚያ እሄዳለሁ። እባክህ።»

ምን ላድርግ? ከልጅነቴ የማውቃት ልጅ ናት፤ እናቷን ለማየት የምትለምነኝ አንዲት ቃል ናት። ወጣሁና እትዬ አስካለን ወደ ጓዳ ጠርቼ ነገርኳት። የምትስቅ፣ ያም ባይሆን የምትሳደብ መስሎኝ ነበር፤ ምላሷ የማይቻል ሴት ነበረች። እሷ ግን ሻሿን አስተካክላ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ከሳጥን አውጥታ ለበሰች። «ልጄ ሹፌር ነው በላቸው» አለችኝ። «የኔ ልጅ። ሳራ ሚስቱ ናት። መንገድ ላይ ነው፤ ሞያሌ ጭኖ ሄዷል በላቸው።» እትዬ አስካለ አንድም ልጅ አልወለደችም።

እንዳለችኝ አልኩ። የላሎ ፊት ላይ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ከካኮ ድረስ ተሸክሞት የመጣው አንዳች ነገር ከትከሻው ሲወርድ አየሁት። በርኮታው ላይ ተቀመጠ። «ያልኩት ነው» አለ። «ያልኩት ነው።»

ከዚያ ግቢው ሌላ ግቢ ሆነ። ማንም ሳያዝዝ ማርታ የጠርሙሱን ሳጥን በጆንያ ሸፈነች። ሌሎቹም ልጆች አንድ በአንድ ሻሽ አስረው፣ ረጅም ቀሚስ አጥልቀው ወጡና የምራቷን አባት ሰላም አሉ፤ የባል እህቶች ሆኑ። አንዷ እንቁላል ጠበሰች። በመጨረሻ ሳጎ የእትዬ አስካለን ሌላ ነጠላ ተከናንባ ወጣች። ላሎ ተነሳና አገጯን ቀና አድርጎ አያት።

«ወፍረሻል» አላት። ይህ በእነሱ ዘንድ ምስጋና ነው። ሳጎ እጁን ይዛ ቆመች።

ላሎም ባርጆ ልጥራ አለ። ባርጆ ማለት በበናዎች እድልም በረከትም ነው፤ ሽማግሌ በስሙ ሲጠራው ወደ ቤት ይመጣል፤ የተሰበሰበው ሰው የመጨረሻዋን ቃል እየተቀበለ ያጸናዋል። ላሎ ይላል፣ እኔ ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ።

«ባርጆ ወደዚህ ቤት ይምጣ!»

«ይምጣ!»

«ልጆች ይምጡ!»

«ይምጡ!»

«መንገድ ላይ ያለው ባል በደህና ይግባ!»

«ይግባ!»

«በዚህ በር የሚገባ ሁሉ ሰላም ይዞ ይግባ!»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ማርታ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እትዬ አስካለ ብቻ ጮክ ብላ «ይግባ!» አለች። ላሎ ሴቶቹ ማልቀሳቸውን ሲያይ፣ ልጁን ምን ያህል ቢወዷት ነው ብሎ ተደሰተ።

ሳጎ ያኔ ወደ ክፍሏ ገብታ ትንሽ ጓዟን በፌስታል ይዛ ወጣች። «አባቴ፣ እንሂድ» አለችው በቋንቋቸው። «ወደ ካኮ የሚሄደው መኪና ሳያመልጠን።»

ላሎ በርኮታውን አነሳ። ከዚያ ሰው የማያውቀውን ነገር እንደጠየቀችው ሁሉ ግራ ተጋብቶ አያት።

«ወዴት?»

«እናቴ ጋ።»

«ባልሽ የለም እኮ። ባልሽ ሳይኖር እንዴት ይዤሽ እሄዳለሁ?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። አማቷ ፈቅዳለች አልኩ። እትዬ አስካለም «ፈቅጃለሁ በላቸው፣ ከፈለጉ ወር ትቆይ» አለች። ላሎ በትሕትና አዳመጠንና ራሱን ነቀነቀ። «እናቱ ጥሩ ሴት ናት። ሚስቱን የሚሰጠኝ ግን እሱ ነው። የቤቱን ሰዎች ገና አልተዋወቅንም፤ አብረን አልበላንም፤ አንድም ሽማግሌ በመሃላችን አልተቀመጠም። እሱ በሌለበት ይዣት ብሄድ ሌባ ነኝ። ነገ ቢመጣና ሚስቴ የታለች ቢል? ባታገባ ኖሮ የእኔ ነበረች። አሁን የሰው ናት።»

ሳጎ ፌስታሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የፈለገችው እንዳያፍርባት ነበር፤ ያችው ቃል በሩን ዘጋችባት።

«ባል እናምጣለት» አለች ማርታ ከኋላዬ። «ለግማሽ ሰዓት። ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ይዘዋት ይሂዱ ይበል፤ አለቀ። ወንድ ጠፍቶ ነው?»

እውነትም ወንድ ጠፍቶ ነው? እኔ እንዳልሆን ሽማግሌው ከልጅነቴ ያውቀኛል። ላሎን «ልጁ እየደረሰ ነው፤ ልንቀበለው ነው» ብለን ማርታና እኔ ወደ መናኸሪያው ሮጥን። መጀመሪያ ያገኘነው የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ማርታ በስሙ ትጠራዋለች፣ እሱም እሷን በስሟ። ነገሩን ስንነግረው ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲያውቅ ግን ፊቱ ጠቆረ። «በጠራራ ፀሐይ እዚያ ቤት ግባ ትሉኛላችሁ? ባለትዳር ነኝ እኮ፤ ሰው ምን ይለኛል?» ሌላው የቢሮ ሰው ነበር፤ ቅዳሜ ሳለ «ሥራ ላይ ነኝ» አለን። ሌላው ማርታን ጭራሽ እንደማያውቃት ሆኖ ወሬውን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ቀጠለ። ማርታ ቀሚሷን አስተካክላ ወደሚቀጥለው ሄደች። እኔ ወንድ ሆኜ ከጎኗ መቆሜ አሳፈረኝ።

ባዶ እጃችንን ስንመለስ ሳጎ አጥሩ ጥግ ትጠብቀናለች። «መምህሩን ጥሩት» አለች። ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ነው ያለችው። «እሱ እወድሻለሁ ይላል። ሁልጊዜ ይላል። እሱ ይመጣል።»

መምህሩን አውቀዋለሁ፤ የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያከብረው ልጅ ነው። የሚያስተምርበትን መጽሐፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲሰማ እንባው መጣ፤ እውነቴን ነው። «ሳራ ጥሩ ልጅ ናት» አለ። «ግን ኳየር ውስጥ ነኝ፤ ነገ እሁድ መድረክ ላይ ነው የምቆመው። ከዚያ በር ስወጣ ምእመን ቢያየኝስ?» አላሳመንኩትም። ለመንኩት። ለምኜ ሳበቃ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ውስጥ ገባ።

ተመልሼ ለሳጎ ምን እንደምላት እያሰብኩ ሜዳውን አቋረጥኩ። መናገር ግን አላስፈለገኝም። ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አይታ ፌስታሉን ለማርታ ሰጠቻት።

ለላሎ ባልየው መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ዛሬ እንደማይደርስ ነገርኩት። የካኮው መኪና ከገበያው በኩል ይጠራል። ሳጎን ወደ ጥግ ወሰድኳት። «ስሚኝ፤ እውነቱን ልንገረው። ያዝናል፣ ይናደዳልም ይሆናል፤ ግን ባል ከሌለሽ ይዞሽ ይሄዳል። እናትሽን ታያለሽ።»

ፊቷ ላይ እሺ ልትል ስትቀርብ አይቻለሁ፤ ከንፈሯም ተንቀሳቅሶ ነበር። ከዚያ ወደ አባቷ አየች።

«ባርጆ ጠርቷል» አለች። «በዚህ ቤት ላይ ጠርቷል፤ በሌለ ባል ላይ ጠርቷል። አሁን ውሸት ነው ካልኩ በእሱ ላይ ይዞራል። አባቴ ይታመማል፣ ከብቱ ያልቃል። ተወው ግርማ። ይሂድ።»

የማታምኑበት ነገር ቢሆን ልትስቁ ትችላላችሁ። እሷ ግን ታምንበት ነበር፤ እኔም ካኮ ያደግኩ ነኝና አልሳቅኩም።

ላሎን ልንሸኘው ወጣን። መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሳጎ «ለእናቴ ምን ትላታለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ያየሁትን ነዋ» አለ ላሎ። «ቤቷ ብዙ በር አለው እላታለሁ። አማቷ ትልቅ ሴት ናት፤ ባርጆ ስጠራ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት። የባሏ እህቶች ብዙ ናቸው፤ ከፍቅራቸው ብዛት ሁሉም አለቀሱ እላታለሁ። ባሏ ሲመጣ ታያታለሽ እላታለሁ።»

ሳጎ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ «ለእናቴ ስጥልኝ» ብላ በእጁ አስያዘችው። መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሁለት ሆነን ደግፈን ነው ወደ ቤት የመለስናት።

ብዙ አልቆየም፤ የእናቷ ሞት ተሰማ። መርዶውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሳጎ በአገሯ ወግ ፀጉሯን ተላጨች፤ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው አብረዋት መሬት ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ቤቱን ዘጋች። ለቅሶ የደረሰ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አንዱ መጥቶ በሩን ቢደበድብ፣ እትዬ አስካለ ብቅ ብላ «ለቅሶ ላይ ነን፤ የምራቴ እናት ሞታ ነው» ስትለው ሰማሁ። ሰውየው ሰክራለች ብሎ እየሳቀ ሄደ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ለዚያ ቤት ያሉንን ቃላት ከየት መጣችሁ ማለት ጀመርኩ፤ እንደ በሽታ ሆነብኝ። ትልልቅ ሰዎች ጠየቅሁ። ጋለሞታ ዛሬ ስድብ ነው፤ ዱሮ ግን ባል የሌላት፣ የፈታች ወይም የሞተባት ሴት ማለት ነበር አሉኝ። ሴተኛ አዳሪም ወንድ በሌለበት በሴትነቷ ብቻዋን ቤት ይዛ የምታድር ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ በሴትነቷ የምትተዳደር ነው የሚሉም አሉ። ቡና ቤትም ስሙ ሲወጣ ቡና የሚሸጥበት ነበር፤ ቢራው ገባ፣ ከኋላ ክፍሎቹ ተጨመሩ፣ ስሙ ባለበት ቀረ። ሁሉንም አገላብጬ ያየሁት ይህን ነው፤ ለሴቲቱ ስም አለን፣ ለቤቱም ስም አለን፣ እዚያ ቤት እየገባ ለሚወጣው ወንድ ግን አንድም ስም አላወጣንም። ሹፌር ነው፣ የቢሮ ሰው ነው፣ መምህር ነው። ወንድ አንባቢዬ ሆይ፣ አንተን ለመውቀስ አልጻፍኩትም። ግን ያን ቅዳሜ ማርታ አንተ ፊት ብትቆም ኖሮ ምን ትላት ነበር? እኔ ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳልጠይቅ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ሳጎ ከዓመት በኋላ ከጂንካ ወጣች። ኦሞራቴ ዓሣ ስትሸጥ አየናት ያሉኝ ነበሩ፤ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አላገኘኋትም። እትዬ አስካለ አርፋለች። ቤቱም ፈርሶ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል።

ላሎ ግን አለ። ባለፈው ዓመት ካኮ ገበያ ሄጄ፣ አንድ ዛፍ ስር በርኮታው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለየኝ። ሰላምታውን ስንጨርስ ስለ ሳጎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ስለ እሷ አልጠየቀኝም።

«የገብሬ ልጅ» አለኝ፤ «እሱ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ማን?»

«ባሏ። እናቷ ስትሞት አላመጣትም። እናቷ ከተቀበረችም በኋላ አላመጣትም። ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ቀን ይዟት ይመጣል እያልኩ መንገዱን ሳይ ኖርኩ። አንተ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ታውቀዋለህ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፤ ሰርግ ላይ አብረን እንቀመጣለን።

«ጥሩ ሰው አይደለም፣ አባቴ» አልኩት።